ሠላሳ አንድ ስም በአንድ እጅ

«ገንዘቡ ሲያልቅ ማን ይቀራል?»

ይህን የጠየቀችው ኡስታዛ ኢንቲሳር ናት፤ ከሰንዱቁ ቢሮ የመጣችው ሱዳናዊት። ጦርነቱ ገና ባልመጣበት ዓመት፣ አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ፣ ከእትዬ ወይንሸት የቅመም ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል። ኢንቲሳር ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጥያቄውን ለሁሉም ሴቶች ጣለችው። ዓይኗ ግን ያረፈው ፊት ለፊት በተቀመጠችው በዘሊካ ላይ ነበር።

ዘሊካ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ዐረብኛዋ የወጥ ቤት ዐረብኛ ቢሆንም ጥያቄው ገብቷታል። የጠፋት መልሱ ነው። እሷስ ራሷ ትቀራለች? ካፉሪ ሰፈር ያለችው፣ ቤቷን የምትሠራላት እመቤቷ ዓርብን ብትከለክላትስ? የቤት ኪራይ ቢጨምርስ? ከሻ የሚሉት አፈሳ መጥቶ ፖሊስ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላቸውን ሲለቅም መንገድ ላይ ቢያገኛትስ? ዘሊካ እንዲህ ናት፤ ክፉ ነገር ገና ከሩቅ ሳለ ወጥታ በር ላይ የምትጠብቅ። በማታውቀው ነገር ላይ «እኔ እቀራለሁ» ብሎ መማል ውሸት መሰላት። ስለዚህ ዝም አለች። ኢንቲሳርም ጥቂት ጠብቃ አንድ አጭር ነገር ጻፈችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

ዘሊካ ሰንዱቅ የሚባለውን ታውቃለች። ዴም ውስጥ ሴቶች በየወሩ የሚጥሉትና ተራ በተራ የሚያነሡት ዕቁብ በሱዳኖች አፍ ሰንዱቅ ነው። ይህኛው ግን ሌላ መሆኑን ያስረዳቻቸው ራሔል ናት። ራሔል የማኅበራቸው ጸሐፊ ነች፤ ዩኒቨርሲቲ የገባች፣ ዐረብኛውንም እንግሊዝኛውንም የምታነብና የምትጽፍ ልጅ። እሷ እንደነገረቻቸው የከተማው ሀብታም ነጋዴዎችና ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች ገንዘብ ያስቀምጣሉ፤ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ያለው ቢሮ ደግሞ በየሰፈሩ ላሉ ትንንሽ ማኅበራት ያድላል። ለአንዱ ክሊኒክ፣ ለአንዱ የወላጅ አልባ ልጆች ቤት፣ ለነሱ ደግሞ የሴቶች ንባብ ትምህርት። ማመልከቻ ይገባል፤ ከተፈቀደ ገንዘቡ በዓመት በአራት ክፍያ ይመጣል። ከሁለተኛው ክፍያ በኋላ ጠያቂ ይላካል፤ ጠያቂዋ ነጥብ ትሰጣለች። ነጥቡ ከወደቀ የቀረው ክፍያ አይመጣም፤ የሚቀጥለውም ዓመት የለም።

ዘሊካ ያኔ ጠይቃ ነበር፦ «የሚሰጡት ታዲያ ለቸገረው ነው?»

ራሔል ስቃ፣ «ችግሩን በወረቀት ላስረዳ ነው» አለቻት።

ሁሉም ሳቁ። ዘሊካም ሳቀች። በኋላ ስታስበው ግን አላሳቃትም።

የመጀመሪያው ዓመት ለአማርኛ ፊደል ነበር። ሁለተኛው ዓመት ለዐረብኛ ነው ተብሎ ታቅዷል፤ ኡስታዝ ጃፋር የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሱዳን አስተማሪ ተስማምተው የሰንዱቁን ክፍያ እየጠበቁ ነበር። ዘሊካ በዚህ በሁለተኛው ዓመት ምክንያት እንቅልፍ የላትም። ለምን ቢባል በልጇ በፋሪሃ ምክንያት ነው።

ፋሪሃ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዴም ተወልዳ የሱዳን ትምህርት ቤት የምትማር፣ አማርኛዋ እንደ እንግዳ የሚንተባተብ ልጅ። ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤቱ አራት ጊዜ ወረቀት መጣ። አራቱንም ጊዜ ዘሊካ «ምን ይላል?» ብላ ልጇን ጠየቀች። አንዴ «የበዓል ቀን ነው» አለቻት፤ አንዴ «ስለ ጽዳት ነው» አለቻት። ዘሊካ አራቱንም ጊዜ ቀለም ነክራ በአውራ ጣቷ ፈረመች። በአምስተኛው አስተማሪዋ ራሷ ቤት ድረስ መጣችና ጮኸችባት። ወረቀቱ ይል የነበረው «ልጅሽ ሰሌዳውን አታይም፤ ዓይኗን አሳክሚ» ነበር። ፋሪሃ መነጽር አድርጋ እንዳይስቁባት ፈርታ ደብቃለች። ልጅ ናት፤ በልጅ አይፈረድም። ግን «ልጄ አታይም» ከሚል ጽሑፍ ሥር አራት የአውራ ጣት አሻራ፣ አራቱም የእናቷ። ዘሊካ ከዚያን ቀን ጀምሮ አውራ ጣቷን ስታይ እንደ ሌባ ታየዋለች።

የሚያስተምሯቸው የኔታ ገብረየስ ናቸው። የኔታ ካርቱም ውስጥ ሥራቸው የአንድ ሕንፃ ዘበኝነት ነው፤ በአገራቸው ግን ብራና ዳምጠው፣ መቃ ቀርጸው፣ መጽሐፍ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከክፍሉ ሴት አብዛኛዋ የወሎ እስላም ናት፤ ሁሉም ግን የኔታ ይሏቸዋል። እሳቸው ለፊደል ምሕረት የላቸውም። የ«ሀ» ወገብ ከሰፋ ያስደመስሳሉ፤ የ«ለ» እግር ከተንሻፈፈ ያስደግማሉ። ሬሕማ የምትባለው፣ ከሁሉም ታናሽና ከሁሉም ተረበኛ የሆነችው፣ አንድ ቀን ታክቷት፣ «የኔታ፣ እኔ እኮ ዳዊት ልደግም አይደለም፤ ስሜን ልጽፍ ነው» አለቻቸው።

«ስምሽም ዳዊትሽ ነው» አሏት። «አታበላሺው።»

ሴቶቹ ሌላ እጅ አይተው አያውቁም። ፊደል ማለት የኔታ የሚጽፉት ነው፤ ከዚያ የተለየው ስሕተት ነው። ስለዚህ ሠላሳ አንድ ሴት በስምንት ወር ውስጥ በአንድ ዓይነት እጅ መጻፍ ለመደች፤ ቀጥ ያለ፣ ትከሻው የሰፋ፣ እግሩ የተተከለ ፊደል። ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋና «የየኔታን እጅ ወሰድሽ» መባል ነበር። ዘሊካ ይህን የተባለች ቀን ከዴም እስከ ካፉሪ በሃፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ስትሄድ በጣቷ ጭኗ ላይ ስሟን ስትጽፍ ሄደች፤ ድልድዩን መሻገሯንም አላወቀችም።

ጠያቂ ሊመጣ ነው በተባለ ሳምንት ራሔል ክፍሉን አሳምሩ፣ መዝገቡን አዘጋጁ ብላ አዘዘች። ዘሊካ መዝገቡን ከፈተችው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ገጾች በአሻራ የተሞሉ ናቸው፤ ሰማያዊ፣ የተዝረከረከ፣ እንደ ዝንብ ቁስል ላይ የሰፈረ። ከዚያ ጠማማ ፊደል ይመጣል፤ አንዳንዱ የተገለበጠ። መጨረሻ ላይ ብቻ ነው ደህናው ጽሕፈት። ዘሊካ የራሷን አሻራ ስታይ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ትዝ አላት፤ ፊቷ ጋለ።

«እንግዳ ሲመጣ የቆሸሸ አንሶላ ይነጠፋል?» አለች።

ሴቶቹ ተስማሙ። ማን እምቢ ይላል? እንግዳ ሲመጣ ይጠረጋል፣ ይታጠባል፣ ያለ የሌለው ይቀርባል። ከሱቅ ንጹሕ ወረቀትና አንድ ፓኮ እስክርቢቶ ገዙ፤ ዓርብን ሙሉ ተቀምጠው እያንዳንዷ ስሟን ለእያንዳንዱ ዓርብ እንደ አዲስ ጻፈች። የኔታ እየዞሩ እያረሙ አጻፏቸው። ሬሕማ የቀረችባቸውን ቀናት ሾልካ ልትሞላ ስትል ዘሊካ እጇን ያዘቻት፤ ያልመጣሽበትን መጣሁ ብለሽ ለአላህ ምን ትይዋለሽ ብላ ተቆጣቻት። የቀረችበትን ቀን አንዲትም ሴት አልሞላችም። አሮጌውን ወረቀት አብራቸው የምትማረው እትዬ ወይንሸት ወረቀት አይጣልም ብላ ወደ ሱቋ ወሰደችው። ራሔል በማግስቱ አዲሱን መዝገብ ስታይ ደንገጥ አለች፤ ምን እንዳደረጉም ነገሯት። ትንሽ አስባ፣ «እሺ፣ እኔ አስረዳለሁ» አለች።

እንግዲህ ኢንቲሳር ያን ጥያቄ ጠይቃ፣ ዘሊካ ዝም ካለች በኋላ መዝገቡ ተነሣ። ኢንቲሳር አንዱን ገጽ አየች፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። አማርኛ አታነብም፤ ዓይን ግን አላት። ይህን ማን ጻፈው አለች። ሁሉም እኔ አሉ። ሁላችሁም አለች። ሁላችንም አሉ፤ አድናቆት መስሏቸው ፊታቸው በራ። ሬሕማ ይባስ ብላ የአንዷን ጽሕፈት ከሌላዋ ፈጣሪ ካልሆነ ማንም አይለየውም ብላ በዐረብኛ ተኩራራች።

ኢንቲሳር ወደ ራሔል ዞረች። ዘሊካም ዞረች። ራሔል የምታስረዳበት ሰዓት ይህ ነበር። ራሔል ግን የእስክርቢቶዋን ክዳን ስትከፍት፣ ስትዘጋ፣ ስትከፍት ቆየችና፣ «በኋላ እናየዋለን» አለች። በቃ፤ ከአፏ የወጣው ያ ብቻ ነው። ኢንቲሳር መዝገቡን በስልኳ ፎቶ አንሥታ፣ ውሃ ጠጥታ፣ አመስግና ሄደች።

ደብዳቤው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ራሔል ቆማ አነበበችላቸው፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር። የተሳታፊዎቹ መዝገብ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ እስክርቢቶ፣ በአንድ ጊዜ የተጻፈ በመሆኑ አይታመንም። ተሳታፊዎቹ ስለ ሥራው ዘላቂነት ሲጠየቁ መልስ አልሰጡም። ስለዚህ ሦስተኛውና አራተኛው ክፍያ አይከፈልም፤ የሁለተኛው ዓመት ማመልከቻም አይታይም። በሰንዱቁ ገንዘብ የተገዙት ሠላሳ አምስት የፕላስቲክ ወንበሮችና ሰሌዳው ይመለሱ።

ከዚያ የኔታ ቀስ ብለው፣ «አጭበርባሪ ነው የተባልነው?» አሉ። ራሔል እንደዚያ አላሉም አለች። የኔታ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእጃቸው ጽሕፈት የታመኑ ሰው ናቸው፤ ዛሬ በዚያው እጅ ሌባ ተባሉ። ዘሊካ የእሳቸውን ፊት አይታ መቆም አቃታት። ያን ወረቀት ይጻፍ ያለችው እሷ ናት። ስትጠየቅ ዝም ያለችውም እሷ ናት። ከደብዳቤው ሁለት ጥፋት ሁለቱም የእሷ ነው። መጀመሪያ በራሷ ተናደደች፤ ቁጣው ግን እዚያ ላይ አልቆመም። ሴት ስምንት ወር ፊደል ስትቆጥር ቆይታ ስሟን አሳምራ ብትጽፍ፣ ማሳመሯ ወንጀል የሚሆንበት አገር የት ነው?

«አሮጌው ወረቀት የት አለ?» አለች።

እትዬ ወይንሸት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወረቀቱ በርበሬ ሲጠቀለልበት፣ ኮረሪማ ሲቋጠርበት ነው የሰነበተው። በዚያ ምሽት ሴቶቹ ዴምን ቤት ለቤት ዞሩ። የኛን ወረቀት መልሱልን እያሉ የሰው ወጥ ቤት ገቡ። አንዳንዱ ተቃጥሏል፤ አንዳንዱ ተቀዷል። እየሳቁ የሰጧቸው አሉ፤ ያበዱ መስለዋቸው በር የዘጉባቸውም አሉ። ዘሊካ እየፈራች፣ እየተናደደች፣ አንድም በር ሳታልፍ ዘጠኝ ገጽ አገኘች፤ በበርበሬ የቀላ፣ ዘይት የጠጣ፣ ግን አሻራው ያለበት። አንዱ ላይ የራሷ አውራ ጣት አለ። ያን ስታይ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጠላችውም።

ማክሰኞ ከካፉሪ ቀረች። እመቤቷ ማክሰኞ ከቀረሽ የዚህን ሳምንት ዓርብ ትሠሪያለሽ አለቻት፤ ዘሊካ እሺ አለች። ከየኔታ፣ ከእትዬ ወይንሸትና ከሬሕማ ጋር ካርቱም ሁለት ሄዱ። ራሔል ቢሮ እንገናኝ ብላ ነበር፤ ሲደርሱ ከውስጥ ወጥታ ተቀበለቻቸው። ለምን ከውስጥ እንደወጣች ያኔ አልጠየቁም።

ኢንቲሳር ክፉ ሴት አይደለችም፤ ዘሊካን ይበልጥ ያናደዳት ይህ ነው። አስቀመጠቻቸው፤ ውሃ አስመጣችላቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ማኅበር የሞቱ ሰዎችን ስም ጽፎ ገንዘብ በልቷል፤ ከዚያ ወዲህ ኮሚቴው መዝገብ ላይ ዓይኑን ያፈጥጣል አለቻቸው። እትዬ ወይንሸት ዘጠኙን ገጽ ከፌስታል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ኢንቲሳር አስነጠሳት። ሬሕማ ፊቷን አዙራ ሳቋን ዋጠች። ኢንቲሳር የተበላሸ ሰነድ ፋይል ውስጥ አይገባም አለች፤ በጣቷ ጫፍ ብቻ እየነካች።

ያኔ ዘሊካ ተነሣች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነጭ ወረቀት ሳታስፈቅድ ሳበች፤ እስክርቢቶ አነሣች። ስሟን ጻፈች፤ ቀጥ ያለ፣ ትከሻው የሰፋ፣ እግሩ የተተከለ። እስክርቢቶውን ለሬሕማ ሰጠቻት፤ ሬሕማ ከሥሩ ጻፈች። እትዬ ወይንሸት ጻፈች። መጨረሻ ላይ የኔታ የራሳቸውን ጻፉ። አራት ስም፣ አራት ሰው፣ አንድ እጅ። ኢንቲሳር ፊት ለፊቷ ተጽፎ አየችው።

ወረቀቱን አንሥታ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ፣ «አምናችኋለሁ» አለች።

ዘሊካ ወደ የኔታ ዞራ ፈገግ አለች።

«እኔ አምናለሁ። ኮሚቴው የሚያየው ግን ፋይሉን ነው። ፋይሉ ተዘግቷል።»

ዘሊካ ክፈቺው አለቻት። ኢንቲሳር አሠራሩ አይፈቅድም አለች። በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ማኅበር ማመልከት ትችላላችሁ አለች። ይህን ስትል ፊቷ ላይ እውነተኛ ደግነት ነበረ፤ ምክርም ጨመረችበት፤ ጥርጣሬ እንዳይነሣ በሚቀጥለው ጊዜ መዝገቡን በአሻራ አድርጉት።

ዘሊካ የሰማችውን ማመን አቃታት። ወደ ራሔል ዞራ፣ በደንብ ተርጉሚልኝ፣ አውራ ጣት ነው ያለችው አለቻት። ራሔል አንገቷን ደፍታ አዎ አለች።

ያን ጊዜ ዘሊካ የወጥ ቤት ዐረብኛዋን አላፈረችበትም። የነበራትን ቃል ሁሉ፣ ጨውንም ውሃንም፣ ሰብስባ ተናገረች። «እኔ በዚህ ጣት ልጄ እንደማታይ አራት ጊዜ ፈርሜያለሁ» አለች፤ አውራ ጣቷን ከኢንቲሳር ዓይን ፊት አቁማ። «እናንተ ገንዘብ የሰጣችሁኝ ከዚህ ጣት እንድወጣ ነው። ወጣሁ። አሁን ለማመን ጣቱን መልሺ ትሉኛላችሁ። እንዳነብ ነበር የፈለጋችሁት ወይስ ማንበብ እንደማልችል እንዳሳያችሁ?»

ኢንቲሳር መልስ አልነበራትም። ዘሊካ የምታውቀው ዝምታ ነው፤ ራሷ እዚያ ክፍል ውስጥ ዝም ያለችው ዓይነት። ልዩነቱ፣ የኢንቲሳርን ዝምታ ጽፎ ነጥብ የሚቀንስባት ሰው አለመኖሩ ነው።

ውጭ ፀሐይ ላይ ዘሊካ ራሔልን ያዘቻት። ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ አለቻት። ራሔል መጀመሪያ ነገሩ ውስብስብ ነው አለች፤ አሠራር አለው አለች። ዘሊካ እጇን አልለቀቀችም።

«የምሠራበት አግኝቼ ነበር» አለች ራሔል በመጨረሻ። «እዚሁ ሰንዱቁ ቢሮ፤ በአገናኝነት። ጠያቂዋ በመጣች ጊዜ የሥራ ማመልከቻዬ ኢንቲሳር ጠረጴዛ ላይ ነበር። መዝገቡን ድጋሚ ነው የጻፉት ብል፣ አንቺ የት ነበርሽ ይሉኛል። ኢቃማዬ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል፣ እት ዘሊካ። አንቺ የማታውቂው ፍርሃት አይደለም።»

ዘሊካ ታውቀዋለች። አብጠርጥራ ታውቀዋለች፤ የራሷ ኢቃማ ካለፈ ሰባት ወር ሆኖታል። ስለምታውቀው ነው ቁጣዋ የጨመረ። የማያውቅ ሰው ቢበድላት ኖሮ ባላወቀ ትለው ነበር።

«እኔም ፈርቼ ዝም ብያለሁ» አለቻት። «በኔ ዝምታ ግን እኔ ነኝ የከሰርኩት። በአንቺ ዝምታ የኔታ ናቸው ሌባ የተባሉት። ሂጂና እኚያን ሰው እዪያቸው።»

የኔታ ከሕንፃው ጥላ ሥር ቆመው በፌስታል ያለውን የበርበሬ ወረቀት ይዘው ነበር። ራሔል አየቻቸው። ልትሄድ አንድ እርምጃ አነሣች፤ ከዚያ ተመልሳ ወደ ቢሮው ገባች።

ወንበሮቹን የወሰዷቸው ቅዳሜ ነው። ሁለት ሰው በፒክአፕ መጥቶ ቆጠረ፤ አንዱ ወንበር እግሩ ተሰብሮ ስላገኙት ስለ እሱም ጽፉ አሏቸው። ሰሌዳውን ሲያወርዱ የየኔታ «ሀ ሁ ሂ» ገና አልተደመሰሰም ነበር፤ እንደተጻፈበት ጫኑት። ዘሊካ ዓርብን ካፉሪ ስትሠራ ውላ ቅዳሜ ማታ ስትመጣ ክፍሉን ባዶ አገኘችው። እትዬ ወይንሸት በሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ግድግዳውን ረስተውልናል» አለቻት።

ዘሊካ አልሳቀችም። ገብታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ማን ይቀራል? አሁንም አታውቅም። ግን ጥያቄው ያን ጊዜ የተጠየቀበት መንገድ ገባት። ከፋዩ ገና ሳይሄድ፣ እኔ ስሄድ ምን ትሆናላችሁ ብሎ የሚጠይቀው ሊሄድ ሲል ነው። የሚቀር ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። የሚቀር ሰው ነገ ስንት ሰዓት ነው ብሎ ነው የሚጠይቅ።

«የሚመጣው ዓርብ ስንት ሰዓት ነው?» አለቻት።

እትዬ ወይንሸት አየቻት። «እንደ ወትሮው» አለች። ለክፍሉ ኪራይ አልጠይቅም፤ ግን በርበሬዬን ከዚህ አላወጣም፣ እያስነጠሳችሁ ትማራላችሁ አለች።

በዚያው ዓርብ የክፍሉ የብረት በር ተዘግቶ ከውስጥ በኩል ሰሌዳ ሆነ። ሴቶቹ በርበሬ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጡ። ኡስታዝ ጃፋር ይመጣሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ እንደማይከፈላቸው ሬሕማ ሄዳ ነግራቸዋለች። ከዐስር ሶላት በኋላ በዱላቸው በሩን ቆረቆሩት። ዘሊካ ከፈተች። ጃፋር የማዳበሪያውን ክምር፣ የብረቱን በር፣ ያቺን የቀይ አቧራ ክፍል ተመለከቱና የሪክሻዬን ትሰጡኛላችሁ ወይስ በእግሬ ልመለስ ብለው ገቡ። የኔታ ተነሥተው ጠመኔውን ሰጧቸው። ጃፋር በብረቱ ላይ የመጀመሪያውን የዐረብኛ ፊደል ጻፉ፤ አንድ ቀጥ ያለ መስመር። የኔታ ከጎን ሆነው ጽሕፈታቸውን በደንብ መረመሩና፣ «እግሩን አጽንቶታል» አሉ።

ዘሊካ ያን መስመር ያን ቀን ሁለት መቶ ጊዜ ጻፈችው። ፋሪሃ ከጎኗ ተቀምጣ፣ ከዘሊካ የሁለት ወር ደመወዝ በተገዛው መነጽሯ እያየች፣ «እማ፣ ጠመመ» ትላታለች። ዘሊካ ትደመስሰዋለች።

አራት ወር ዓርብ በዓርብ እንዲህ ሄደ። በአራተኛው ወር መጨረሻ ከትምህርት ቤቱ ወረቀት መጣ። ዘሊካ ለፋሪሃ አልሰጠቻትም። ራሷ መብራት ሥር ይዛው ተቀመጠች። ከአሥራ ሁለት ቃል አምስቱን ነው የለየችው፤ «አል-ቢንት»፣ ልጅቱ፣ የሚለውን፣ «ፋሪሃ»ን፣ «አል-ኸሚስ»ን፣ ሁለት ሌሎችን። ሐሙስ ስብሰባ አለ ማለት ነው ብላ ገመተች። ፋሪሃን ጠርታ፣ «ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው የምመጣው?» አለቻት። ልጅቱ ወረቀቱን አየች፤ እናቷን አየች፤ በመነጽሯ ውስጥ ዓይኗ ሰፋ። «ሦስት ሰዓት» አለች፤ አልዋሸችም። ዘሊካ ከወረቀቱ ሥር በየኔታ እጅ ስሟን ጻፈች። የአሻራ ቀለሙን ዕቃ አውጥታ ከቤት ወረወረችው።

ከጦርነቱ በኋላ የተበተነውን አላህ ይቁጠረው። ዘሊካ የምትቆጥረው ከዚያ በፊት ያለውን ነው፤ ጠያቂዋ ለጠየቀችው፣ እሷም ላልመለሰችው። ገንዘቡ ባለቀ በስድስተኛው ወር ሰንዱቁ ዴም ውስጥ ሥራውን ዘግቶ ሄደ። ኢንቲሳር ናይሮቢ የተሻለ ሥራ አግኝታ ሄደች። ራሔል ኢቃማዋን አሳድሳ፣ ወንበሯን ካርቱም ሁለት አድርጋ ሄደች። ከሠላሳ አንዱ ሴቶች አሥራ ሰባቱ ሄዱ፤ ሬሕማም ከነሳቋ ባሕር ተሻግራ ሄደች። አሥራ አራቱ ቀሩ። እትዬ ወይንሸት ቀረች። ኡስታዝ ጃፋር ቀሩ። የኔታ ገብረየስ ቀሩ። ዘሊካ ቀረች።